በድርጅት በኩል ልጅ የሄደበት ቤት ታሪኩን እንዴት ያውራ?

እናቴ አውራ ጣቷን በአመድ ስታሽ አስታውሳለሁ። ከወረዳ የተመለስን ዕለት ነው። ሐምራዊው የማህተም ቀለም ከጥፍሯ ሥር አልወጣ ብሎ ሳምንት ያህል ቆየ። እንጀራ ስትጋግርም፣ ሱፍ ስትፈትልም ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። የፈረመችበት ወረቀት ምን እንደሚል አታውቅም፣ ማንበብ አትችልማ። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጁ ተምሮ ይመጣል፣ በየዓመቱም ፎቶው ይላክልሻል።» ወንድሜ 3 ዓመቱ ነበር፣ እኔ 11። ዘመኑ 2000 ዓ.ም. ነው፣ ቦታው መንዝ።

ወንድሜ አልመጣም። ፎቶው የመጣው ሁለቴ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኛ ቤት ላሉ ሰዎች ነው። ልጃችሁ በድርጅት በኩል ወደ ማሳደጊያ ገብቶ ወይም ውጭ አገር ሄዶ ለቀረባችሁ፣ ለእናቶችም ለአባቶችም፣ ቤት ለቀረነው እህትና ወንድሞችም፣ ራሳችሁ ለሄዳችሁትም። ሐኪም አይደለሁም። ግን እኔና እናቴ ዝም ተባብለን ብዙ ዓመት ኖረን፣ ከዚያ ማውራት ጀመርን፣ እንዴት እንደጀመርንም ደረጃ በደረጃ ልነግራችሁ እችላለሁ።

መጀመሪያ ሐዘን መሆኑን እወቁት

አባቴ በ2008 ሲሞት ድንኳን ተተከለ። እድሩ መጣ፣ ጎረቤት እዝን ይዞ መጣ። እናቴ ስሙን እየጠራች አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፣ ሰውም «እግዜር ያጽናሽ» አላት። ከባድ ነበር፣ ግን መንገድ ነበረው። እርሟን አወጣች።

ለወንድሜስ ማን ድንኳን ይተክላል? በሕይወት ላለ ልጅ አይለቀስም፣ ማሟረት ነው ይባላል። ስለዚህ ሰው የሚለው አንድም «አልፎለታል፣ ምን አስለቀሰሽ» ነው፣ አንድም ከጀርባ «ልጇን ሸጠች» ነው። ሁለቱም አፍ ያዘጋሉ። እናቴም ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው፣ ሆዷም ፈጀው፣ ሌሊት ሌሊት ተነስታ ምድጃው ዳር ትቀመጥ ነበር።

ፖሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) እንዲህ ያለውን ሐዘን አጥንተው ስም ሰጥተውታል። በእኛ አፍ ቁርጡ ያልታወቀ ሐዘን ብንለው ይገባናል። ሰውየው አለ፣ ግን የለም። የሞተ እንዳይባል በሕይወት አለ፣ ያለ እንዳይባል ድምፁ አይሰማም። ይህን ለእናቴ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «እና እኔ አላበድኩም ማለት ነው?» አለችኝ። አላበዳችሁም።

ብቻችሁንም አይደላችሁም። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ነገሩ ከቁጥጥር እየወጣ መሄዱ ሲታይ መንግሥት በ2003 በቀን የሚያየውን ጉዳይ በ90 በመቶ ቀነሰ፣ በጥር 2010 ደግሞ ምክር ቤቱ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ መስጠትን ጭራሽ ከለከለ። ከእነዚያ ልጆች ሁሉ ኋላ የቀረ ቤት አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ እናት ራሷን የምትረግመው እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር ማደጎ ማለት ልጁ አክስቱ ዘንድ አድጎ ለጥምቀት ቤተሰቡን ሊጠይቅ የሚመጣ ነው። ወላጁ ወላጁ ነው፣ አሳዳጊውም አሳዳጊው። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግም በጉዲፈቻ የሄደ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይናገራል። በአሜሪካ ሕግ ግን ጉዲፈቻ የወላጅን ሕጋዊ ዝምድና ያበቃል፣ ለልጁም አሳዳጊዎቹን ወላጅ አድርጎ አዲስ የልደት ወረቀት ይወጣል። እናቴ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ ዳኛ ፊት «ፈቅጃለሁ» ስትል በልቧ የፈቀደችው የመጀመሪያውን ነው። ሞኝ ስለሆነች አልነበረም። በምታውቀው ቃል፣ የምታውቀውን ነገር ነው የተስማማችው።

ለማን ነው የሚወራው?

ለአንድ ሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አያስፈልግም።

ያ ሰው የግድ የቅርብ ዘመድ መሆን የለበትም፣ እንዲያውም ዘመድ የራሱ ጥፋት የሚነካበት ከሆነ ቶሎ መከራከር ይጀምራል። እናቴ መጀመሪያ ለአጎቴ ልታወራው ሞክራ ነበር። ድርጅቱን ያመጣው ሰው የአጎቴ ወዳጅ ስለነበር ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ «ያኔ በረሃብ ይለቅ ነበር?» አላት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ዝም አለች።

የምትመርጡትን ሰው በትንሽ ነገር ፈትኑት። አንድ ቀላል ችግር ንገሩትና ተመልከቱ። ያቋርጣችኋል? «ለበጎ ነው» ብሎ ይዘጋዋል? በሳምንቱ ከሌላ አፍ ትሰሙታላችሁ? ገመናችሁን የሚሸፍን ሰው ከሆነ ሳታወሩ በፊት የምትፈልጉትን ንገሩት። እትዬ ለምንላት ጎረቤታችን እናቴ ያለቻት እንዲህ ነበር፦ «ምክር አልፈልግም፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ።» እትዬም ዝም ብላ ሰማቻት፣ ሲመሽ ብቻ ጋቢዋን ደረበችላት።

የንስሐ አባታችሁ ጥሩ ሰሚ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ምስጢር ጠባቂ ናቸው። ሙስሊም ለሆናችሁም፣ ሸዋ ሮቢትም ይሁን አጣዬ፣ የምታምኗቸው ሸህ ይኖራሉ። ብቻ አደራ፣ ታሪኩን እንደ ኃጢአት ዝርዝር አታቅርቡት። ደኃ መሆን ንስሐ አይገባበትም። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ሄዳችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ አጠገባችሁ ለተኛች የማታውቋት ሴት ማውራት ይቀላል፣ ነገ አታገኟትማ። ይህም ጅምር ነው። ግን ለማታውቁት ሰው የልጁን ሙሉ ስምና የድርጅቱን ነገር አትንገሩ።

የሚያዳምጥ ሰው ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በግድ አታስወሩ። ገና የተጎዳን ሰው ቁጭ አድርጎ «ሁሉንም ዘርግፈው፣ ይቀልሃል» ማለት እንደማይረዳ፣ እንደሚጎዳም በጥናት የታየ ነገር ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ሲመጣ ይመጣል።

በቡናው ልክ

እኛ ጊዜ የምንለካው በቡና ነበር። ስኒ ሲቀርብ አቦል ላይ ቀላሉን፦ ልጁ ሲወለድ፣ ምን እንደሚወድ፣ ማንን እንደሚመስል። ከባዱን ቶና ላይ። በረካ ላይ ግን የግድ ወደ ዛሬ መመለስ ነው፦ ገብሱ ታጨደ ወይ፣ የማን ልጅ ተዳረ፣ ነገ ገበያ ትሄጃለሽ ወይ። መጀመሪያ እንዲያው የሆነ ነገር መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ግን ጥቅሙን አየሁት። ታሪኩ መግቢያና መውጫ በር አገኘ። እናቴ ከበረካ በኋላ ስትነሳ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፣ ያኔ ውስጥ ተቀርቅራ አትቀርም።

ቡናው ሰው የበዛበት ከሆነ አትጀምሩት። ለእሱ ሌላ ቀን ይኖራል።

ገመዱ፣ ድንጋዩና ባቄላው

ከሁሉ የረዳን ይህ ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ጀርመን አገር ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ባለሙያዎች ከጦርነትና ከስደት ለተረፉ ሰዎች ያዘጋጁት የሕክምና ዘዴ አለ። መነሻው ቀላል ነው። ሰውየው ገመድ ይዘረጋል፣ ገመዱ ዕድሜው ነው። በደስታው ቦታ አበባ፣ በመከራው ቦታ ድንጋይ ያስቀምጣል። ከዚያ በቀጣዮቹ ቀናት ከባለሙያው ጋር ሆኖ እያንዳንዱን ድንጋይ በተራ ይተርካል። ኡጋንዳ ውስጥ ናኪቫሌ በሚባል የስደተኞች ሰፈር ለሩዋንዳና ለሶማሊያ ስደተኞች ሲሰጥ፣ አድማጮቹ ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ተራ ሰዎች ነበሩ፣ ሠርቷልም። ይህን ሳነብ ነው ቤታችን ልንሞክረው የደፈርኩት።

አበባ አልነበረንም፣ ወሩ ጥር ነበር፣ አደይ የለም። እናቴ ባቄላ ዘግና መጣች። ገመዱም ራሷ የፈተለችው፣ ለባና የተዘጋጀ የሱፍ ክር ነበር። ከመደብ እስከ በሩ ዘረጋነው። ድንጋይ ከደጅ ለቀምኩ፣ ትንንሽም ትልልቅም።

መጀመሪያ የተቀመጠው ባቄላ ነው። የእናቷ ቤት። ከዚያ በ1977 ድርቅ የሞተ ታናሽ ወንድሟ፣ ድንጋይ። ስለ እሱ እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ሠርጓ፣ ባቄላ። እኔ፣ ባቄላ። ወንድሜ ሲወለድ ሁለት ባቄላ አስቀመጠች፣ ለምን ሁለት ስላት «በጣም ስለሳቀ» አለች። 2000 ዓ.ም. ላይ ስትደርስ ትልቁን ድንጋይ አነሳች፣ ግን አላስቀመጠችውም። ይዛው ተቀመጠች። ከሱ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የአባቴን ሞት፣ የኔን ምርቃት፣ ደብረ ብርሃን ቤት መከራየቴን ደረደረች፣ ያ ድንጋይ ግን እጇ ላይ ነው። አላጣደፍኳትም። ከብት ሲገባ ተነሳችና ቦታው ላይ አኑራው ወጣች።

እናንተም ስትሞክሩት ከዚህ የተማርነውን ያዙ። መላ ሕይወታችሁን ዘርጉ እንጂ ያችን ቀን ብቻ አታውጡ፤ ያች ቀን ብቻዋን ስትወራ ዕድሜያችሁን በሙሉ የዋጠች ትመስላለች፣ ክሩ ላይ ስትቀመጥ ግን ከፊቷም ከኋላዋም ሌላ ነገር እንዳለ በዓይናችሁ ታያላችሁ። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ድንጋይና ባቄላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጥሩት። ሌላ ቀን ትንሹን ድንጋይ መርጣችሁ በዝግታ አውሩት፦ የት ነበራችሁ፣ ምን ይሸት ነበር፣ ማን ምን አለ፣ ሰውነታችሁን ምን ተሰማው። አድማጩ መሃል መሃል ላይ «ይሄ ያኔ ነው፣ አሁን ቤትሽ ነሽ፣ እኔም አለሁ» ይበል። የጨረሳችሁ ዕለት ደግሞ የልጁ ድንጋይ ጋ አታቁሙ፣ እስከ ዛሬ አምጡት። የተረፈው ክር ይጠቅለል፣ ያልተኖረ ዕድሜ ነው።

ትልቁን ድንጋይ ብቻችሁን አትግቡበት። እሱ ቢያንስ አንድ ረጋ ያለ ሰው፣ ቢቻል ባለሙያ ይፈልጋል።

የማን ቃል ነው የምታወሩት?

በ2012 የወንድሜን ፋይል ኮፒ አገኘሁ። የአባት ቦታ ላይ «በሞት የተለየ» ይላል። አባታችን ያኔ መተሃራ ሸንኮራ ሊቆርጥ ሄዶ በየሦስት ወሩ ብር ይልክ ነበር። የሞተው ከ8 ዓመት በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ጭራሽ የለሁም፣ «ሌላ ልጅ የሌላት» ተብሏል።

ያን ወረቀት ይዤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ግን አንድ ነገርም ገባኝ። ወንድሜ ስለኛ የሚያውቀው ይህን ነው። እኛም ብንሆን ሳናውቀው በፋይሉ ቃል እየተናገርን ነበር የኖርነው፦ «ሰጠሁት»፣ «ማሳደግ አቅቶኝ»፣ «ፈቅጄ»። እነዚህ የቅጽ ቃላት ናቸው። የራሳችሁን ቃል ፈልጉ። አንዷ እናት «ተወሰደብኝ» ትላለች፣ ሌላዋ «አታለሉኝ»፣ ሌላዋ «ረሃቡ አሸነፈኝ»። እናቴ ብዙ ቆይታ ያገኘችው ቃል «ሸኘሁት» ነው። «ልጄን ሸኘሁት፣ አልመለሱልኝም» አለች። እውነቷን ነው። የሸኘ ሰው መልስ ይጠብቃል።

ራሳችሁን ነጻ ለማውጣት ብላችሁ ታሪኩን አታሳምሩት ግን። እናቴ «ፈርቼ ነበር፣ ደግሞም አንድ አፍ ቢቀንስ ብዬ አስቤ ነበር» ያለች ቀን ነው ትከሻዋ የወረደው። የሸሸችው ነገር እሱ ነበር። ሲነገር ግን ቤቱ አልፈረሰም፣ እኔም ተነስቼ አልሄድኩም።

ፋይላችሁን ማየት የምትፈልጉ፣ ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማመልከቻ አስገቡ። የገባበትን ቀን አስፈርማችሁ ወይም ማህተም አስደርጋችሁ ኮፒውን ያዙ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት የታየ ከሆነ የመዝገብ ቁጥሩን ጠይቁ፣ በር የሚከፍተው እሱ ነው። ብቻችሁን አትሂዱ። ወረቀቱ በተሰጣችሁ ቀን፣ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ አታንብቡት፤ ቤት ገብታችሁ፣ እህል ቀምሳችሁ፣ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ አንብቡት። ስሕተቱ ላይ እርሳስ አስምሩና ጎኑ ላይ እውነቱን ጻፉ።

መጻፍ፣ ወይም ስልክ ላይ መቅዳት

ማውራት የሚያፍን ከሆነ ጻፉ። ጄምስ ፔነቤከር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ተማሪዎች ለ4 ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ የከበዳቸውን ነገር እንዲጽፉ አድርገው ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት፣ በተከታዮቹ ወራት ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «እንዲህ ሆነ» ብቻ አትጻፉ፣ «እንዲህ ተሰማኝ»ንም ጨምሩ። ስለ ፊደል አትጨነቁ። ለማንም አታሳዩትም። ብትፈልጉ ምድጃ ውስጥ ክተቱት።

ለማይጽፍ ደግሞ ስልክ አለ። እናቶቻችን ድሮም ያላወሩትን ሲፈጩና ሲፈትሉ ያንጎራጉሩት ነበር፣ ድምፅ ለነሱ አዲስ አይደለም። ስልኩን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉና መቅጃውን ክፈቱ። 10 ደቂቃ ይበቃል።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት

ቆዩ። እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ታሪኩ የእናንተ ነው፣ ግን የልጁም ነው፣ አሁን ምናልባት 20 ዓመት አልፎት የራሱን ስም ይዞ የሚኖር ሰው ነው። የሕፃንነት ፎቶውን፣ ሙሉ ስሙን፣ የአሳዳጊዎቹን ስም ለሕዝብ አትበትኑ። መሃል ያስገባውን ደላላ በስም ጠርቶ መለጠፍም ሰፈር ውስጥ ቂም ያመጣል፣ በሕግ መጠየቅም አለ፤ ማስረጃ ካላችሁ ወደ ሕግ ሂዱ። ደግሞ «ልጅሽን አግኝቻለሁ፣ ብር ላኪ» የሚሉ አሉ። አንድ ብር እንዳትልኩ። ከገንዘብ የሚጀምር ሁሉ ልጃችሁን አላገኘም።

ራሳችሁ የሄዳችሁት ልጆች ሆናችሁ ቤተሰብ ልታገኙ ስትመጡ፣ ከ«ለምን ሰጣችሁኝ?» አትጀምሩ፣ ጥያቄው መብታችሁ ቢሆንም። «ያኔ ኑሮ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። አስተርጓሚውንም «አታሳጥርብኝ፣ እሷ ያለችውን እንዳለ ንገረኝ» በሉት። እናት አምስት ደቂቃ ተናግራ አስተርጓሚው «ችግር ነበር ትላለች» ካለ ታሪኩ ለሁለተኛ ጊዜ ጠፋ።

ከከበዳችሁ

ካወራችሁ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ማልቀስ፣ እንቅልፍ መረበሽ ያለ ነው። ሳምንታት ከቀጠለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ያች ቀን በቁማችሁ እየመጣች ካስደነገጠቻችሁ ወይም መሞት ካማራችሁ ማውራቱን አቁሙና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ሂዱ። የሞት ሐሳብ ካለ ዛሬውኑ፣ ከሰው ጋር። ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፣ እናቴ እንደዚያ ነው ያደረገችው።

ባለፈው ጾመ ፍልሰታ መንዝ ወርጄ ነበር። እናቴ ለወንድሜ ድምፅ ልትቀዳለት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። መቼ እንደሚደርሰው አናውቅም፣ ብቻ ይቀመጥ አለች። ስልኩን ከፈትኩላት። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ልክ እሱ ፊት የተቀመጠች ያህል። በሶ በማር ሲሰጠው ጣቱን እንዴት እንደሚልስ፣ ለብርዱ እሷ የሠራችለትን ትንሽ ባና፣ እኔ ጀርባ ላይ ታዝሎ ዶሮ ሲያባርር ነገረችው። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ እንደተኛ ነገረችው። አላለቀሰችም። 12 ደቂቃ ሆነ፣ ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

«ቆይ፣ አባቱን አላነሳሁም» አለች። ጉሮሮዋን ጠራረገችና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «አባትህ ያኔ አልሞተም ነበር ልጄ። መተሃራ ነበር፣ ሥራ ላይ። ስሙን ልንገርህ።»